ከሚታጠቁት ሽጉጥ በተለየ ካሊበር የተኩስ ልምምድ ማድረግ፦ ለፈቃድ ባለቤቶች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በእስራኤል አገር የግል የጦር መሣሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በአብዛኛው የሚታጠቀው አንድ ሽጉጥ ብቻ ነው። የሽጉጡ ዓይነት፣ መለያ ቁጥሩና የሚተኩሰው የጥይት መጠን፣ ማለትም ካሊበሩ፣ በፈቃዱ ላይ ተመዝግበው ይገኛሉ። በልምምድ ጊዜ ግን ሁኔታው ሊለይ ይችላል። በዕብራይስጥ «ሚትቫህ» በሚባሉት የተኩስ መለማመጃ ስፍራዎች የስፍራው ንብረት የሆኑ ልዩ ልዩ ሽጉጦች ስለሚገኙ፣ ባለፈቃዱ በየዕለቱ ከሚታጠቀው በተለየ ካሊበር የሚለማመድበት አጋጣሚ አለ። ብዙዎች ይህን የሚመርጡት የአነስተኛው ጥይት ዋጋ ርካሽ፣ ርግጫውም ቀላል በመሆኑ ነው።

ይህ ማብራሪያ እንዲህ ያለው ልምምድ የትኛውን ችሎታ እንደሚያዳብርና የትኛውን እንደማይነካ፣ ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ፣ እንዲሁም ከፈቃድ ጋር የተያያዙ ጉዳዮችን ለማሳወቅ የተዘጋጀ ነው። በግል ፈቃድ ለሚታጠቁ ዜጎችም ሆነ በጥበቃ ሥራ ተሰማርተው የአሠሪ ድርጅታቸውን ሽጉጥ ለሚይዙ ሠራተኞች ያገለግላል። የታጠቀ ሰው የሚቆመው በገበያ አዳራሽ በር፣ በአውቶቡስ ጣቢያ፣ በትምህርት ቤት መግቢያ፣ ሰው በሚበዛበት ስፍራ ነው። ዒላማዋን የሳተች ጥይት ደግሞ ሌላ ነገር ላይ ማረፏ አይቀርም። በመለማመጃ ስፍራ በቀላል ሽጉጥ የተገኘ ጥሩ ውጤት በመንገድ ላይ በከባዱ ሽጉጥ ይደገማል ብሎ መተማመን አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ስለ ጥይት ስያሜ

ካሊበር በመሠረቱ የአረሩን ወይም የአፈሙዙን ውስጣዊ ስፋት የሚገልጽ ልኬት ነው። ሆኖም ስፋት ብቻውን ጥይትን ለይቶ አያሳውቅም። «9 ሚሊሜትር» የሚለውን ስም ቢያንስ ሦስት የታወቁ ጥይቶች ይጋሩታል። በእስራኤል በሲቪሎችም ሆነ በጥበቃ ሠራተኞች እጅ በብዛት የሚገኘው 9×19 ወይም 9 ሚሊሜትር ፓራቤለም የሚባለው ነው። ይህ ጥይት በጀርመናዊው ጌዎርግ ሉገር የተነደፈ ሲሆን፣ የጀርመን ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1904፣ ምድር ጦሩ ደግሞ በ1908 ተቀብለውታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛው 9×17 ነው፤ በሌላ ስሙ ነጥብ 380 ይባላል። ሦስተኛው 9×18 ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ሰዎች በስም የሚያውቁት የማካሮቭ ሽጉጥ ጥይት ነው። ከማባዣ ምልክቱ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የቀለሁን ርዝመት በሚሊሜትር ያሳያል። የማካሮቩ አረር በስፋቱም ጭምር ከፓራቤለሙ በጥቂቱ ይበልጣል። እንግዲህ «ዘጠኝ ሚሊ» ማለት ብቻ በቂ መግለጫ አይደለም፤ በፈቃዱ፣ በሽጉጡ አፈሙዝና በጥይቱ ሣጥን ላይ የተጻፈው ሙሉ ስም አንድ መሆን አለበት።

ለልምምድ በብዛት የሚመረጠው ነጥብ 22 ሎንግ ራይፍል የተባለው ጥይት ነው። ከ1887 ጀምሮ በጥቅም ላይ ያለ ሲሆን፣ ስፋቱ 5.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከሌሎቹ የሚለየው በትንሽነቱ ብቻ አይደለም። በ9 ሚሊሜትር ጥይት ተቀጣጣዩ ቅመም በቀለሁ ቂጥ መካከል ለብቻው በተሠራ ቦታ ይቀመጣል፤ በነጥብ 22 ግን በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተዳርሶ ይገኛል። ቅመሙ በጠርዙ ውስጥ ሁልጊዜ እኩል ስለማይዳረስ፣ መርፌው መትቶ ጥይቱ ሳይተኮስ የሚቀርበት አጋጣሚ ከ9 ሚሊሜትር ይበልጣል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ

የተለመደ የ9×19 አረር ክብደቱ 8 ግራም አካባቢ ሲሆን፣ ከሽጉጥ ሲወጣ በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ ይፈጥናል። የነጥብ 22 አረር 2.6 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአጭር አፈሙዝ ሲተኮስ ፍጥነቱ በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ነው። ሽጉጡን ወደኋላ የሚገፋው ኃይል የክብደትና የፍጥነት ብዜት ነውና፣ የነጥብ 22 ርግጫ የ9 ሚሊሜትሩን አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። በጉልበት ሲለካ ልዩነቱ ይሰፋል፤ የመጀመሪያው 490 ጁል፣ ሁለተኛው 120 ጁል ገደማ ነው።

ይህ ቁጥር በተግባር ሲተረጎም፣ በነጥብ 22 የሚለማመድ ሰው ከአንዱ ጥይት ወደሚቀጥለው ሲሸጋገር ማነጣጠሪያው ከዒላማው ብዙም አይርቅበትም ማለት ነው። አምስት ጥይት በፍጥነት ተኩሶ አምስቱንም በመዳፍ ስፋት ውስጥ ሊያሳርፍ ይችላል። ያው ሰው፣ በዚያው ፍጥነት፣ በራሱ 9 ሚሊሜትር ሲተኩስ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ጥይት ወደላይ ትሸሻለች። የመጀመሪያዋ ጥይት በሁለቱም ሽጉጥ አንድ ቦታ ልታርፍ ትችላለች፤ ልዩነቱ የሚገለጠው ከሁለተኛዋ ጀምሮ ነው።

ከባዱንና ቀላሉን የማጣመር ሐሳብ ከየት መጣ

በአንድ ሽጉጥ ሁለት ካሊበር የመጠቀም ሐሳብ ለእስራኤል እንግዳ አይደለም። ብዙ የጥበቃ ሠራተኞች የሚያውቁት ጄሪኮ 941 የተባለው አገር በቀል ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ሲቀርብ፣ ከ9 ሚሊሜትሩ አፈሙዝ ጋር ነጥብ 41 አክሽን ኤክስፕረስ ለተባለ ከበድ ያለ ጥይት የሚሆን መለዋወጫ አፈሙዝ ነበረው። የሽጉጡ መጠሪያ ቁጥርም የመጣው ከዚሁ ነው፤ 9 እና 41። የነጥብ 41 ቀለህ ሰፊ ቢሆንም የቂጡ ጠርዝ እንደ 9 ሚሊሜትሩ ሆኖ በመሠራቱ፣ አፈሙዙን፣ ሞላውንና የጥይት ካዝናውን በመለወጥ ብቻ ከአንዱ ወደሌላው መሸጋገር ይቻል ነበር። ባለቤቱ ርካሽ በሆነው 9 ሚሊሜትር ተለማምዶ በከባዱ ይታጠቃል የሚል ምክንያት ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ይቀርብ ነበር። በዚያው ዓመት ነጥብ 40 ኤስ ኤንድ ደብልዩ የተባለው ጥይት በአሜሪካ ብቅ ሲል ነጥብ 41 ገበያ አጣ። ጄሪኮ ግን በ9 ሚሊሜትርነቱ ቀጠለ።

የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ጉዳይ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1986 በማያሚ በተደረገ የተኩስ ልውውጥ ሁለት የቢሮው ባልደረቦች ከተገደሉ በኋላ፣ ቢሮው 9 ሚሊሜትር ይዳከማል በሚል ወደ 10 ሚሊሜትር፣ ቀጥሎም ወደ ነጥብ 40 አመራ። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን የቢሮው የሥልጠና ክፍል ወደ 9 ሚሊሜትር መመለስን የሚደግፍ ጽሑፍ አቀረበ። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የአረር አሠራር መሻሻሉ ነበር። ሌላው፣ ለዚህ ማብራሪያ ይበልጥ የሚቀርበው፣ አብዛኞቹ ተኳሾች ርግጫው በቀለለ ሽጉጥ በፍጥነትም በትክክልም የተሻለ መተኮሳቸው ነው። ቢሮው መፍትሔ ያደረገው በቀላሉ ተለማምዶ በከባዱ መታጠቅን ሳይሆን የሚታጠቁትንም የሚለማመዱበትንም አንድ ማድረግን ነው።

በቀላል ካሊበር ምን ይገኛል

ይህ ሲባል በነጥብ 22 መለማመድ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ለጀማሪ ተኳሽ ከሁሉ የሚከብደው ነገር ምላጩን ሽጉጡን ሳያንቀሳቅሱ ወደኋላ መሳብ ነው። ሰውነት ከሚመጣው ድምፅና ርግጫ ራሱን ለመከላከል ከተኩሱ በፊት ይኮማተራል፤ ክርኑ ይጠነክራል፣ አፈሙዙ ወደታች ይዘቀዝቃል፣ ዓይን ይጨፈናል። ርግጫው በቀለለ ጊዜ ይህ ፍርሃት ይለቃል፤ ተኳሹም ዓይኑን ማነጣጠሪያው ላይ ማቆየትን፣ ትንፋሹን መቆጣጠርን፣ ጣቱን ከቀሪው እጁ ነጥሎ ማሠራትን ይማራል። ጥይቱ ርካሽ በመሆኑም ድግግሞሹ ይበዛል። የእጅ አንጓ ሕመም ላለባቸው፣ ከቀዶ ሕክምና ለሚያገግሙና ከረጅም ዕረፍት በኋላ ወደ ሥራ ለሚመለሱ የጥበቃ ሠራተኞችም ጥሩ መሸጋገሪያ ነው።

ፍርሃቱ መልቀቁ የሚረጋገጠው ግን በራሱ በሚታጠቁት ሽጉጥ ነው። አሠልጣኞች ለዚህ የሚጠቀሙበት የቆየ ዘዴ አለ። አሠልጣኙ በባለፈቃዱ ካዝና ውስጥ ከእውነተኛ ጥይቶች መካከል አንድ ሁለት የመለማመጃ ባዶ ጥይት ይቀላቅላል፤ ተኳሹ የትኛው መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። ባዶው ጥይት ላይ ምላጩ ሲሳብ አፈሙዙ ከተዘቀዘቀ፣ ሰውነቱ አሁንም ርግጫውን ቀድሞ እየጠበቀ ነው። በነጥብ 22 የተገኘው ውጤት ምንም ያህል ቢያምር፣ ይህ ፈተና እስካልታለፈ ድረስ ሥራው አላለቀም።

ምን አይገኝም

በእስራኤል የተለመደው አያያዝ ካዝናው በሽጉጡ ውስጥ ሆኖ፣ ማጉረሻው ክፍል ግን ባዶ እንዲሆን ነው። ስለዚህ ባለፈቃዱ በአደጋ ጊዜ ሽጉጡን ከማኅደሩ መዝዞ፣ የላይኛውን ተንሸራታች ወደኋላ ስቦ፣ ለቆ፣ ጥይት አጉርሶ ነው የሚተኩሰው። የካሊበር ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። የነጥብ 22 ሽጉጥ ተንሸራታች ቀላል፣ ሞላውም ለስላሳ ነው፤ በሁለት ጣት ሊሳብ ይችላል። የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ሞላ፣ በተለይም ሽጉጡ አጭር ሲሆን፣ ጠንካራ ነው። በለስላሳው የለመደ እጅ ጠንካራውን በግማሽ ስቦ ሊለቀው ይችላል። ተንሸራታቹ እስከ መጨረሻው ካልተሳበ ጥይት ከካዝናው አይነሳም፤ ማጉረሻውም ባዶ እንደሆነ ይቀራል። በዚያች ሰከንድ ምላጩን መሳብ ከቀጭታ በስተቀር ምንም አያስገኝም። ተንሸራታቹን ሳይለቁ በእጅ እየመለሱ ማጀብም ጥይቱን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ስለዚህ መዝዞ የማጉረስ ልምምድ ምንጊዜም በሚታጠቁት ሽጉጥ፣ በሚታጠቁት ማኅደር፣ በሥራ ላይ በሚለበሰው ልብስ መደረግ አለበት።

የሽጉጡ ክብደት፣ የካዝናው መልቀቂያ ቁልፍ ያለበት ቦታና የምላጩ ጥንካሬም አብረው ይለያሉ። ግሎክ 44 የተባለው የነጥብ 22 ሽጉጥ በቁመናው ከ9 ሚሊሜትሩ ግሎክ 19 ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ የተሠራ ነው። እንዲያም ሆኖ በክብደት በጣም ይቀላል፤ ማኅደር የሚጋሩ ቢሆኑም በእጅ ላይ አንድ አይደሉም።

በተቃራኒው ካሊበሩ አንድ ሆኖ ሽጉጡ ሲለይ ያለውን ልዩነት ማሳነስም አይገባም። ጄሪኮም ግሎክም 9×19 ይተኩሳሉ። ጄሪኮ ውጫዊ መዶሻ ያለው በመሆኑ፣ መዶሻው ተኝቶ ሳለ የመጀመሪያው ምላጭ ረጅምና ከባድ፣ የቀጣዮቹ ግን አጭርና ቀላል ነው። በግሎክ ሁሉም ምላጭ አንድ ዓይነት ነው፤ በእጅ የሚዘጋ ደህንነት መቆለፊያም የለውም። ከአንድ የጥበቃ ድርጅት ወደ ሌላ የተዛወረ ሠራተኛ «ጥይቱ ያው ነው» ብሎ ልምምዱን ቢያልፍ፣ ነጥብ 22 ተለማምዶ 9 ሚሊሜትር ከታጠቀው ሰው የተሻለ ዝግጁ ላይሆን ይችላል።

ከሚታጠቁት በከበደ ካሊበር መለማመድ

አንዳንዶች ከባዱን የቻለ ቀላሉን አያቅተውም በሚል እምነት በነጥብ 40 ወይም በነጥብ 45 ይለማመዳሉ። የነጥብ 45 አረር 15 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ቀስ ብሎ ቢሄድም ርግጫው ከ9 ሚሊሜትር በአንድ ሦስተኛ ያህል ይበልጣል። እምነቱ ለጡንቻ ሥራ ይሠራ ይሆናል፤ ለተኩስ ግን አይሠራም። ከባዱ ርግጫ የሚያስተምረው ብዙውን ጊዜ መኮማተርን ነው፤ ያ መኮማተር ደግሞ ወደ ቀላሉ ሽጉጥ ተመልሶ ይመጣል። ለሙከራ አንድ ካዝና መተኮስ ጉዳት የለውም። የዘወትር ልምምድ አድርጎ መያዝ ግን አይመከርም።

የጥይት መደባለቅ አደጋ

በአንድ ቀን ሁለት ካሊበር ሲተኮስ ዋነኛው አደጋ ጥይት መደባለቁ ነው። አደጋው የሚመጣው በሚለያዩት ጥይቶች ሳይሆን በሚመሳሰሉት ነው። ነጥብ 22ን ከ9 ሚሊሜትር ዓይን ወዲያው ይለየዋል። 9×17ን ከ9×19 ለመለየት ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል፤ አረራቸው እኩል ስፋት ሲኖረው ልዩነታቸው የቀለህ ርዝመት ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ነው። አጭሩ ጥይት በረጅሙ ማጉረሻ ውስጥ ቢገባ ቀለህ አውጪው መንጠቆ ይዞት ሊተኮስ ይችላል፤ ቀለሁ በትክክል ሳይደገፍ ስለሚፈነዳ ሊያብጥ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው የ9×19 ጥይት በነጥብ 40 ሽጉጥ ውስጥ ሲገባ ነው። አፈሙዙ ለ10 ሚሊሜትር አረር የተሠራ በመሆኑ 9 ሚሊሜትሩ ልል ሆኖ ይገባል። ቢተኮስ ቀለሁ ተቀድዶ የጋለ ጋዝ ወደ ተኳሹ እጅና ፊት ሊወጣ፣ ሽጉጡም ሊበላሽ ይችላል። የሁለቱ ሽጉጦች ካዝናዎች በመልክ ስለሚመሳሰሉ በቸልታ የሚፈጠር ስህተት ነው።

መከላከያው ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው ሥርዓት ብቻ ነው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዓይነት ጥይት አይቀመጥም። የመጀመሪያው ሽጉጥ ተራግፎ፣ ማጉረሻው በዓይንም በጣትም ተፈትሾ፣ ጥይቱ ወደ ሣጥኑ ተመልሶ፣ ካዝናው ከተነሳ በኋላ ነው ሁለተኛው የሚወጣው። ጥይት በኪስ አይያዝም። መሬት ላይ የተገኘ ጥይት ተነሥቶ ወደ ካዝና አይገባም፤ ለስፍራው ኃላፊ ይሰጣል። ወደ ቤት ከመመለስ በፊት ባለፈቃዱ የሚታጠቀውን ካዝና በሙሉ አውጥቶ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ማየት ይገባዋል።

ጥይት ሳይተኮስ ሲቀር፣ በነጥብ 22 ደጋግሞ የሚያጋጥም በመሆኑ፣ ሽጉጡን ወዲያው ወደራስ አዙሮ ማየት ክልክል ነው። አንዳንዴ ባሩዱ ዘግይቶ ይቀጣጠላልና አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ፣ ከዚያም አሠልጣኙን መጥራት ያስፈልጋል። ድምፁ ከተለመደው ያነሰ፣ ርግጫውም የጠፋ ተኩስ ከተሰማ ደግሞ መቀጠል አይገባም። አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩ ጥይት አፈሙዙን ሊያፈነዳው ይችላል።

ፈቃድና ሕግ

የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1949 በወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ ሲሆን፣ ፈቃድ የሚሰጠው በብሔራዊ ደህንነት ሚኒስቴር ሥር ያለው የጦር መሣሪያ ፈቃድ ክፍል ነው። በሕጉ መሠረት የጦር መሣሪያ ማለት ሽጉጡ ብቻ ሳይሆን ክፍሎቹን፣ መለዋወጫዎቹንና ጥይቱንም ይጨምራል። ከዚህ የሚከተለውን ነገር ብዙ ባለፈቃዶች አያስተውሉትም። የ9 ሚሊሜትር ሽጉጥን ወደ ነጥብ 22 የሚለውጥ ተንሸራታችና አፈሙዝ እንደ ተራ ዕቃ ከውጭ አገር አዝዞ ማስመጣት ወይም ከሰው መግዛት አይቻልም። እንዲህ ያለ ነገር የሚፈልግ ባለፈቃድ አስቀድሞ የፈቃድ ክፍሉን በጽሑፍ ጠይቆ መልስ ማግኘት አለበት።

በግል ፈቃድ በቤት ሊያዝ የሚችለው የጥይት ብዛት የተወሰነ ነው። ለብዙ ዓመታት 50 የነበረው ጣሪያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ወደ 100 ከፍ ብሏል። ይህ ቁጥር የሚመለከተው በፈቃዱ ላይ ለተመዘገበው ሽጉጥ የሚሆነውን ጥይት ነው፤ ሌላ ካሊበር ይዞ ለመቀመጥ ፈቃድ አይሆንም። በመለማመጃው ስፍራ ለልምምድ የሚገዛ ጥይት እዚያው ተተኩሶ ያልቃል። ከነጥብ 22 ሣጥን የተረፉ አሥር ጥይቶችን «ለሚቀጥለው ጊዜ» ብሎ ወደ ቤት መውሰድ፣ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝ ነው።

የጥበቃ ሠራተኞች የሚይዙት ሽጉጥ የድርጅቱ ንብረት በመሆኑ፣ ለግል ልምምድ ይዘውት ከመሄዳቸው በፊት የድርጅቱን የጦር መሣሪያ ኃላፊ ፈቃድ ማግኘት ይኖርባቸዋል። ለፈቃድ ዕድሳት የሚጠየቀው ሥልጠናም በራስ ፈላጊነት በሌላ ካሊበር በተደረገ ልምምድ አይተካም፤ በነጥብ 22 መቶ ጊዜ የተለማመደ ሰው የዕድሳት ሥልጠናውን እንደማንኛውም ባለፈቃድ ይወስዳል።

የልምምዱ ቅደም ተከተል

ሁለቱን ካሊበር በአንድ ቀን ለመተኮስ ያሰበ ሰው በራሱ ሽጉጥ ቢጀምር ይሻላል። በመንገድ ላይ ማንም ሰው እጁን በሃምሳ ጥይት አሟሙቆ አደጋ አይገጥመውም፤ ስለዚህ ገና ሳይሟሟቅ የተተኮሱት የመጀመሪያዎቹ አምስት ወይም አሥር ጥይቶች እውነተኛውን የችሎታ ደረጃ ያሳያሉ። ውጤቱ የተመዘገበበት ወረቀት ከቀን ጋር ቢቀመጥ ከወራት በኋላ ለማነጻጸር ይረዳል። ከዚያ በኋላ በነጥብ 22 የታየውን ጉድለት ማረም ይቻላል፤ ጥይቶቹ ወደ ታች ከወረዱ ምላጩ ላይ፣ ወደ ጎን ከበተኑ የእጅ አያያዙ ላይ መሥራት። ማብቂያው እንደገና በራስ ሽጉጥ ይሆናል፤ ጥቂት ጥይት ይበቃል። እጅና ጆሮ ከመለማመጃው ስፍራ ሲወጡ የመጨረሻ ትውስታቸው በወገብ ላይ ያለው ሽጉጥ ርግጫ መሆኑ ይመረጣል።

በወገብ የሚያዘውን ጥይት በተመለከተም አንድ ማስታወሻ አለ። በየፈረቃው ሽጉጡን የሚያራግፉና መልሰው የሚሞሉ ሠራተኞች ያንኑ ጥይት ደጋግመው ያጎርሱታል። በእያንዳንዱ ጊዜ የአረሩ ጫፍ ከማጉረሻው ጋር ስለሚጋጭ አረሩ ቀስ በቀስ ወደ ቀለሁ ውስጥ ሊገፋ ይችላል፤ ይህም በሚተኮስበት ጊዜ ግፊቱን ከልክ በላይ ያደርገዋል። ከጓደኞቹ ያጠረ ጥይት የታየ እንደሆነ ከአገልግሎት ይወጣል። የቆየውን የትጥቅ ጥይት በልምምድ ተኩሶ በአዲስ መተካትም መልካም ነው፤ ሽጉጡ ያንን ጥይት ያለ ችግር መተኮሱ በዚሁ ይረጋገጣል።

የዓይንና የጆሮ መከላከያ በነጥብ 22ም ቢሆን ግዴታ ነው። የነጥብ 22 አረር ብዙውን ጊዜ ያልተሸፈነ እርሳስ በመሆኑ፣ በተለይ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ የእርሳስ ብናኝ በእጅ፣ በፀጉርና በልብስ ላይ ይቀራል። እርሳስ ለሕፃናት አእምሮ ጎጂ ነው። ስለሆነም በመለማመጃው ስፍራ አይበላም፣ አይጠጣም፤ ከመውጣት በፊት እጅና ፊት በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። ቤት ሲደርሱ ልጅ ከማቀፍ በፊት ልብስ ይቀየራል፣ ለብቻውም ይታጠባል። ነፍሰ ጡር የሆኑና ጡት የሚያጠቡ ባለፈቃዶች ወደ ተኩስ መለማመጃ ከመሄዳቸው በፊት ሐኪማቸውን ሊያማክሩ ይገባል።

ካሊበር ለመለወጥ ለሚፈልጉ

በተለያየ ካሊበር ከተለማመዱ በኋላ የሚታጠቁት ሽጉጥ እንደማይስማማቸው የሚረዱ ሰዎች አሉ፤ እጃቸው ትንሽ የሆነ፣ ሞላውን ለመሳብ የሚቸገሩ፣ ወይም ዕድሜያቸው የገፋ። ይህን ማወቅ በራሱ ጠቃሚ ውጤት ነው። መፍትሔው ሁልጊዜ ካሊበር መለወጥ አይደለም። በዚያው በ9 ሚሊሜትር አፈሙዙ ረዘም፣ ክብደቱም ጨመር ያለ ሽጉጥ ርግጫው ይቀንሳል፤ ተንሸራታቹም ብዙ ጊዜ ለመሳብ ይቀላል። ከመወሰን በፊት የታሰበውን ሽጉጥ ዓይነት በመለማመጃው ስፍራ ተከራይቶ መሞከር ወጪን ያድናል።

ለውጡ የሚፈጸመው ከፈቃድ ክፍሉ ፈቃድ ሲገኝና ሕጋዊ ፈቃድ ባለው የጦር መሣሪያ ነጋዴ በኩል ነው። አዲሱ ሽጉጥ በፈቃዱ ላይ ሳይመዘገብ መረከብ፣ አሮጌውንም ለዘመድ ወይም ለጓደኛ በእጅ ማስተላለፍ አይፈቀድም። ከአሮጌው ሽጉጥ የተረፈው ጥይት ከአዲሱ ካሊበር ጋር የማይሄድ ከሆነ ለነጋዴው ይመለሳል ወይም ከለውጡ በፊት በመለማመጃው ስፍራ ይተኮሳል። ማመልከቻው በሚኒስቴሩ ድረ ገጽ ሊቀርብ ይችላል። ቅጹን በዕብራይስጥ ለመሙላት የሚቸገሩ አመልካቾች በሚያምኑት የቤተሰብ አባል ወይም በአካባቢያቸው ባለ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሠራተኛ ሊታገዙ ይችላሉ፤ የሽጉጡን መለያ ቁጥርና የካሊበሩን ሙሉ ስም ግን ከፈቃዱ ላይ ራሳቸው አንብበው እንዲያመሳክሩ ያስፈልጋል።